«ደህና ነኝ» የሚል ምስል

አሜሪካ ውስጥ መነጽር አጥልቆ ድሮን የሚያበርር ሰው፣ ዐይን ያለው ሌላ ሰው ከጎኑ እንዲያቆም ሕግ ያስገድደዋል። ነገሩ ትክክል ነው። አብራሪው ፊቱ ላይ የሚያስረው መነጽር ውስጡ ሁለት ትንንሽ ስክሪኖች እንጂ መስተዋት የለውም፤ የሚያየው ድሮኑ አፍንጫ ላይ ያለችው ካሜራ የምትልክለትን ብቻ ነው። ከኋላ ሄሊኮፕተር ይምጣ፣ ከላይ ጭልፊት ይውረድ፣ አያውቅም። የሚነግረው ሰው ያስፈልገዋል። ነጋሪው እኔ ነኝ። የእህቴ ልጅ ቅዳሜ ጠዋት ይደውልና «አጎቴ፣ ዛሬ ሥራ የለህም አይደል?» ይላል። ጥያቄ ያስመስለዋል እንጂ ጥያቄ አይደለም፤ ባትሪዎቹን ታቅፎ በሬ ላይ ቆሞ ነው የሚደውለው።

ሥራዬ ሲሰሙት ቀላል ነው፦ አንገትን ቀና አድርጎ መቆም። ችግሩ ይህ ከእራት ሰሃን የማይበልጥ ዕቃ በሰዓት ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ መክነፉ ነው። አንዴ አስነጥሼ ቀና ስል ሌላ ሰማይ ላይ ነው።

እዚያው ሠፈራችን ያለው ሜዳ ላይ ለምን አይሆንም? አይሆንም። ዋሽንግተን አጠገብ ካለው ከሬገን አውሮፕላን ማረፊያ ዙሪያውን እስከ 15 ማይል ድረስ ያለ ልዩ ፈቃድ ድሮን ማንሳት ክልክል ነው። ክቡን ካርታ ላይ አስምሩት፦ አሌክሳንድሪያ ውስጡ ነች፣ አርሊንግተን ውስጡ ነች፣ ፎልስ ቸርች ውስጡ ነች፣ ሲልቨር ስፕሪንግም አላመለጠችም። ሕጉን ያወጡት ሰዎች ኮምፓሳቸውን የተከሉት ክትፎ ቤቶቹ የት የት እንዳሉ አጥንተው ነው የሚመስለው። ከ15 እስከ 30 ማይል ባለው ቀለበት ውስጥ ግን ድሮኑን አስመዝግቦ፣ ከ400 ጫማ ሳያልፉ፣ ከዐይን ሳያርቁ ማብረር ይቻላል። ስለዚህ በ66 አውራ ጎዳና ወደ ምዕራብ፣ ማናሳስን አልፈን፣ አንድ ደግ ገበሬ እስከፈቀደልን የሣር ሜዳ ድረስ እንነዳለን። እንነዳለን ስል እኔ እነዳለሁ፤ እነሱ ይጨቃጨቃሉ።

ተጨቃጫቂዎቹ ሁለት ናቸው። አንዱ ይኸው የእህቴ ልጅ ነው፤ እዚሁ ተወልዶ ያደገ፣ አማርኛው ውስጥ «እርስዎ» የምትባለዋን ቃል ለበዓል እንደሚወጣ ልብስ በጥንቃቄ የሚያወጣት። የሚያወጣትም ለሁለተኛው ተጨቃጫቂ፣ ለጋሼ ነው። ሠፈሩ በሙሉ ጋሼ ስለሚላቸው እኔም ከዚያ በላይ አልጨምርም። መርካቶ ቴሌቪዥን ሲጠግኑ የኖሩ ሰው ናቸው። እዚህ መጥተው ቴሌቪዥን የሚጠገን ሳይሆን መንገድ ዳር የሚጣል ዕቃ ሆኖ ሲያገኙት ብዙ አዝነዋል። ልጁ አንድ ቀን ሽቦው የተበጠሰ ድሮን ይዞላቸው ሄደ። መበየጃቸውን አጋሉ፣ ሦስት ቦታ ነካ ነካ አደረጉ፣ ቀና ብለው «ይህቺ ካሜራ የምትልከው ተራ የቴሌቪዥን ምስል ነው እኮ!» አሉ። ከዚያች ቀን ወዲህ ሃያ ዓመት የተቀነሰላቸው ይመስላል። የራሳቸውን ድሮን ራሳቸው ይበይዳሉ፣ ራሳቸው ያበርራሉ፣ ራሳቸው ይከሰክሳሉ።

ልጁ ዲጂታል ነው፣ ጋሼ አናሎግ። ማናሳስ እስክንደርስ ሌላ ወሬ የለም።

«ካሜራው ያየውን መስመር በመስመር ይለቃል» ይላሉ ጋሼ፣ ከኋላ ወንበር ወደ እኔ ጎንበስ ብለው፤ ክርክሩ ከልጁ ጋር ሆኖ ሳለ ዳኛው እኔ ነኝ መሰለኝ። «በ5.8 ጊጋኸርዝ ይለቃል። ተቀባዩ የደረሰውን መስመር እንደደረሰ ይሥላል። አለቀ። የሚያስብ ነገር መሐል የለም።»

የልጁ ዕቃ ግን ያስባል። ካሜራው ሙሉ ምስል ያነሳል፤ አንድ ቺፕ ያንን ምስል ይጨምቃል፤ የተጨመቀው ይቆራረጣል፤ መንገድ ላይ ቢጎድል ማሟያ የሚሆን ትርፍ ይጨመርበታል፤ ይላካል። መነጽሩ ቁርጥራጩን ይሰበስባል፣ ይቆጥራል፣ የጎደለውን ያሟላል፣ ይዘረጋዋል፣ ያሳያል። ይህ ሁሉ ጉድ ዐይን ጨፍኖ እስኪገልጡ ድረስ እንኳ ጊዜ አይወስድም። ውጤቱም ውብ ነው፤ ይህን መካድ አልችልም። የልጁን መነጽር ሳጠልቅ የገበሬው አጥር ላይ ያለችው ሽቦ እሾኋ ሳይቀር ይታየኛል። የጋሼን ሳጠልቅ አጥር መኖሩን የማውቀው በእግሬ ስላለፍኩበት ነው።

ታዲያ ጠቡ ምንድን ነው? ጠቡ ድሮኑ ሲርቅ ነው። 5.8 ጊጋኸርዝ እንጨትና ውኃ አይወድም፤ እርጥብ ቅጠል የለበሰ ዛፍ መሐል ከገባ ይዳከማል፤ የሰው ገላ እንኳ ይጋርደዋል። የአናሎጉ ምስል ያኔ ማማረር ይጀምራል። መጀመሪያ ነጫጭ ነጠብጣቦች ዳር ዳሩን ይበተናሉ። ቀጥሎ ቀለሙ ይጠፋል። ቀጥሎ ምስሉ ወደ ጎን ይጎተታል፣ ይቀደዳል፣ ይመለሳል። እነዚህን ሁሉ እያዩ ጋሼ «ኧረ በቃ፣ ሰማሁ!» ይሉና ድሮናቸውን ይመልሳሉ። የዲጂታሉ ምስል ግን የጎደለውን እያሟላ፣ እያሟላ፣ ምንም እንዳልሆነ ሰው ፈገግ እንዳለ ይሄዳል። ማሟያው ያለቀ ዕለት ድርቅ ይላል። ብዥ አይልም፣ አያቅማማም፤ በቃ ይቆማል። የመጨረሻው ያማረ ፎቶ ዐይንህ ላይ ተለጥፎ ይቀራል፤ ድሮኑ ደግሞ ፎቶው ውስጥ ወደሌለው ዛፍ ጉዞውን ይቀጥላል።

ይህን ባህርይ የት እንደማውቀው ለማስታወስ ጊዜ አልፈጀብኝም። ዘመዶቼ ናቸው። አገር ቤት አንዲት አክስት አለችኝ። «እንዴት ነሽ?» «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።» «ጤናሽስ?» «ምንም አልል፣ አንተ ብቻ ደህና ሁንልኝ።» ድምጿ ጥርት፣ ኩልል ያለ ነው። በሦስተኛው ቀን ሌላ ሰው ደውሎ ሆስፒታል ከገባች ሁለት ሳምንቷ እንደሆነ ይነግረኛል፤ ለካ ከዚያው ከአልጋዋ ነበር ስታናግረኝ የከረመችው። ይህቺ ዲጂታል ነች። አንድ አጎት ደግሞ አለን፤ ስልኩን ሲያነሳ በወገቡ ይጀምርና ወደ ጉልበቱ ይወርዳል፣ ከጉልበቱ ወደ ቤት ኪራይ፣ ከኪራዩ ወደ ጎረቤቱ ዶሮ። ስልኩን ከጆሮዬ አርቄ ይዤ ሥራዬን የምሠራበት ጊዜ አለ። ነገር ግን ይህ ሰው አንድ ቀን እንኳ በድንገት አስደንግጦን አያውቅም። ጉንፋን ሲይዘው ገና ከማስነጠሱ በፊት ሰምተናል። እኔ ለምሳ የምመርጠው አክስቴን ነው። በእርጥብ ዛፎች መሐል ሕይወቴን የማምነው ግን አጎቴን ነው።

የእህቴ ልጅ በዚህ ምሳሌ ይበሳጫል። የሚበሳጨውም በከንቱ አይደለም። «መነጽሬ ጥግ ላይ ቁጥር አለ እኮ አጎቴ» ይላል። «ሲግናሉ ስንት እንደሆነ፣ ምስሉ ምን ያህል እንደሚዘገይ፣ ሁሉንም ይናገራል። ሰው ካላነበበ ምን ይደረግ?» እውነቱን ነው። አክስቴም ብትሆን ካርዷ ላይ የደም ግፊቷ ተጽፏል። ሌላም ክርክር አለው፤ ይኸኛው ይበልጥ ያሸንፋል፦ የጋሼን ድሮኖች የሚገድላቸው የሲግናል መጥፋት ሳይሆን ቀጭን ቅርንጫፍ ነው። በአናሎግ ምስል ላይ የክረምት ዛፍ ጫፉ የት እንደሚያልቅ አይለይም፤ ሰማይ መስሎህ የገባህበት እንጨት ሆኖ ይቀበልሃል። ዲጂታሉ ያችን ቅርንጫፍ ያሳይሃል። ጋሼ ይህ ሲነሳ መስኮቱን ዝቅ አድርገው ነፋስ ይቀበላሉ።

ትንሽ ቆይተው በመዘግየት ይመለሳሉ። እዚህ ላይ ነው ነገሩ ሒሳብ የሚሆነው። ድሮን አምራቹ ዲጄአይ በፈረንጆቹ 2019 የዲጂታል የአብራሪ መነጽር ሲያወጣ፣ በፈጣኑ አሠራሩ ምስሉ ከካሜራ እስከ ዐይን 28 ሚሊሰከንድ እንደሚፈጅበት አስታውቆ ነበር። ጥቂት ነው፤ የሚያስጨንቅ አይመስልም። ነገር ግን በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚበርር ነገር በ28 ሚሊሰከንድ 78 ሴንቲሜትር ያህል ይሄዳል። በሌላ አነጋገር ዛፉ ገና ክንድ ተኩል ርቀት ላይ ነው ብለህ ስታስብ አፍንጫህ ግንዱ ላይ ነው። «እሱም በደህናው ቀን!» ይላሉ ጋሼ ጣታቸውን አንስተው። ሲግናሉ ሲዳከም የልጁ ዕቃ መጨነቅ ያበዛል፣ መዘግየቱም ይረዝማል፤ የአናሎጉ ግን ቢያምርም ቢያስጠላም በሰዓቱ ይመጣል። ቤት ውስጥ ወንበር ሥር የሚሽሎከለኩትን ትንንሾቹን ድሮኖች ብዙ ሰው ዛሬም በአናሎግ የሚያበርራቸው በዚህ ምክንያት ነው፤ እርግጥ ቀላልና ርካሽ መሆኑም አለበት።

ጋሼ ይህን ያህል የሚያምር ክርክር ይዘው ሳለ በአንድ ጉዳይ ራሳቸውን ያስገምታሉ። ካሜራቸው ሁለት ምርጫ አለው፦ አሜሪካ በቴሌቪዥኗ ስትጠቀምበት የኖረችው ኤንቲኤስሲ እና የኛ አገር ቴሌቪዥን የተጠቀመበት ፓል። ኤንቲኤስሲ 525 መስመር አለው፣ በሰከንድ 30 ምስል ያህል ያሳያል። ፓል 625 መስመር፣ በሰከንድ 25 ምስል። ለፈጣን በረራ ብዙ ምስል የሚሻል መሆኑን ልጁ በወረቀት ሠርቶ አሳይቷቸዋል። አሜሪካ ራሷ ትልልቅ ጣቢያዎቿን በፈረንጆቹ ጁን 12 ቀን 2009 ከአናሎግ ካላቀቀች በኋላ ኤንቲኤስሲን የሚያነሳው ሰው ራሱ ጥቂት ነው፤ ቀድሞም ቢሆን መሐንዲሶቹ «ሁለቴ አንድ ዓይነት ቀለም አያሳይም» እያሉ ይቀልዱበት ነበር። ይህቺን ቀልድ ጋሼ ከመርካቶ ጀምሮ ያውቋታል። ወረቀቱን አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱና «እኔ በሰው አገር ብኖርም በሰው መስመር አልበርርም» አሉ። ቨርጂኒያ ሰማይ ላይ ፓል ይበርራል።

አናሎግ ግን ጎረቤት የሚፈራ ነገር ነው። ለውድድር የተመደቡት ስምንት ቻናሎች በ37 ሜጋኸርዝ ተራርቀው የተደረደሩ ናቸው፤ ሁለት ሰው አንድ ቻናል ላይ ከተገናኘ መሬት ላይ ያለው ቅርብ ስለሆነ አየር ላይ ያለውን ያሸንፈዋል። ሌሎች አብራሪዎች ወደ ሜዳው በመጡበት አንድ ቀን ጋሼ በጥድ ዛፎቹ አናት ላይ እየከነፉ ሳለ ድንገት «ምንድን ነው ይሄ ጫማ?» ብለው ጮኹ። አንዱ ሳያስታውቅ ባትሪውን ሰክቶ ኖሮ፣ የጋሼ መነጽር ውስጥ ሰማዩ ጠፍቶ የሰውዬው የተፈታ የጫማ ክር ገጭ አለ። ድሮናቸው የት እንዳለ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። «ወደ ቀኝ! ቀና! ኧረ ቀና!» እያልኩ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሥራዬ የሚመጥን ላብ አላበኝ። ባትሪ ከመሰካት በፊት ጮክ ብሎ መናገር በዚህ ጨዋታ ውስጥ በር ከማንኳኳት ይበልጣል። ጋሼ ራሳቸው በሕግ በኩል ቀዳዳ የላቸውም፤ የአማተር ሬዲዮ ፈተና ተቀምጠው፣ ከ35ቱ ጥያቄ ቢያንስ 26 መመለስ የሚጠይቀውን አልፈው፣ መለያ ጥሪያቸውን ምስላቸው ጥግ ላይ አስጽፈዋል። ወጣቶቹ እዚያ ቦታ ላይ የሚጽፉት የቅጽል ስማቸውን ነው።

ከዚህ ሁሉ ውስጥ አናሎግን ያስወደደኝ ግን ፍለጋው ነው። የጋሼ ድሮን ከሜዳው ወዲያ ያለው ጫካ ውስጥ ወደቀ። ባትሪው አልተነቀለም፤ ስለዚህ ካሜራው ተገልብጦም ቢሆን መላኩን አላቆመም። ጋሼ መነጽራቸውን እንዳጠለቁ በቆሙበት መዞር ጀመሩ። ገላቸው አንቴናውን ሲጋርደው ምስሉ ይጠፋል፤ ሲዞሩ ይመለሳል። ዐይናቸው ስለማያይ ክንዳቸውን ይዤ በቁጥቋጦው መሐል የምመራቸው እኔ ነኝ። «ወደ ግራ... ትንሽ... አለፈ፣ መለስ... እዚያው! እዚያው ያዘው!» ይላሉ ራሳቸውን። ይህን ንግግር የማያውቅ የኔ ዘመን ሰው የለም። አንዱ ጣሪያ ላይ አንቴናውን ታቅፎ፣ አንዱ መስኮቱ ላይ ወሬ እያቀበለ፣ አንዱ ቴሌቪዥኑ ፊት «ጠፋ! መጣ! ጠፋ!» እያለ ያደገ ሁሉ ያውቀዋል። ጋሼ ብቻ ጣሪያውንም ሳሎኑንም በአንድ ሰውነት ይዘውታል። እየቀረብን በሄድን ቁጥር ነጠብጣቡ እየሳሳ ሄደ። «ቅጠል ይታየኛል» አሉ። ትንሽ ሄድን። «ግንድ ይታየኛል።» ትንሽ ሄድን። ቆም አሉና «ጉንዳን!» አሉ። ሌንሱ ላይ ብዥ ያለ አንድ ጉንዳን ከጥግ ወደ ጥግ ይሻገራል። ዝቅ ብዬ ሳይ ድሮኑ ጫማዬ አጠገብ በጀርባው ተኝቶ፣ ጉንዳኑም ያው እዚያው ነበር።

የልጁ ዲጂታል ሲወድቅ እንዲህ አይደለም። ዕቃው የሚቀዘቅዘው በበረራው ነፋስ ስለሆነ፣ ቅጠል ውስጥ ተቀብሮ ሲቆይ ይግልና ራሱን ለማትረፍ ኃይሉን ይቀንሳል። እኛ ስንፈልገው እሱ ዐርፏል። ያኔ የሚቀረው መነጽሩ የቀዳውን የመጨረሻ ምስል ወደ ኋላ እየመለሱ «ይሄ ዛፍ ነው ወይስ ያኛው?» መባባል ነው። ዛፎቹ በከፍተኛ ጥራት ይታያሉ፤ ሁሉም ይመሳሰላሉ።

አናሎግ ቁልፍ የለውም። ማንም ትርፍ መነጽር ያለው ሰው ቻናሉን ካገኘ ያያል፤ እኔም አንዳንዴ የጋሼን አሮጌ መነጽር አጥልቄ አብሬያቸው በዛፎቹ መሐል መብረር ያምረኛል፤ ልጁ «አጎቴ፣ አንተ ሰማይ ነው የምታየው!» ብሎ ከፊቴ ያወልቀዋል። ይኸው ግልጽነት ሌላ ቦታ ሌላ ትርጉም አለው። በዩክሬን ጦርነት ላይ ሁለቱም ወገን የሚልኳቸው ርካሽ ድሮኖች ብዙዎቹ በዚሁ አናሎግ ምስል የሚመሩ ናቸው፤ ተቀባይ ያለው ወታደር ወደ እሱ የሚመጣውን ድሮን በራሱ በድሮኑ ዐይን የሚያይበት ጊዜ አለ። ያን ካወቅኩ ወዲህ የጋሼ መነጽር ውስጥ የራሴ አናት ከላይ ሲታየኝ ደስ አይለኝም።

እህቴ አንድ ቀን አገር ቤት ካለችው ከትልቋ እህታችን ጋር በስልክ ስትጫወት «ልጄ ድሮን ማብረር ጀምሮልሻል» አለቻት፣ በኩራት። ከወዲያ በኩል ዝም ተባለ። መስመሩ የተቆረጠ መስሏት «ሃሎ? ሃሎ?» አለች። ቆይቶ «የማንን?» የሚል ድምፅ መጣ። አገር ቤት ላለ ሰው ይህ ስም ከዜናና ከቀብር ጋር እንጂ ከጨዋታ ጋር እንደማይመጣ ያኔ ነው ለሁላችንም የገባን። አሁን በቤታችን ስሙ «ያች መጫወቻው» ሆኗል። ልጁ ለእረፍት ስንሄድ ይዟት መሄድ ይፈልጋል፤ ከኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደር ፈቃድ ሳይይዙ ድሮን ይዞ ቦሌ መውረድ እንደማይቻል ነግሬዋለሁ። «የአናሎግ ወይስ የዲጂታል?» ብሎ ጠየቀኝ። ጉምሩክ ላይ ይህ ልዩነት እንደማይታወቅ አስረዳሁት።

ሰሞኑን ልጁ ጋሼን ለማስታረቅ ይሁን ለማጥመድ አንድ ነገር ተውሶ መጣ። ኤችዲዜሮ ይባላል። ዲጂታል ነው፣ ነገር ግን ምስሉን እንደ ሌሎቹ አጥብቆ አይጨምቅም፤ ስለዚህ ሲዳከም ነጠብጣብ ይረጫል እንጂ አይደርቅም፣ መዘግየቱም አይለዋወጥም። ጋሼ መነጽሩን ሲቀበሉ የሚገዙትን በግ ጥርስ የሚያዩ ነበር የሚመስሉት። አጠለቁት። አነሱት። ሜዳውን ዞሩ፣ አጥሩን ተከትለው ወረዱ፣ ከዚያ ሆን ብለው፣ እኔ «ጋሼ ይበቃል» እያልኳቸው፣ ወደ ጥዶቹ ጀርባ ዘለቁ። አፋቸውን እያየሁ ነበር። ፈገግታ ዳር ዳሩን ጀመረው።

«ያማርራል!» አሉ። «ስማ፣ ይሄ ያማርራል እኮ!»

«አልኩዎት አይደል?» አለ ልጁ።

ድሮኑን መልሰው፣ አሳርፈው፣ መነጽሩን ወደ ግንባራቸው ገፍተው ለረጅም ጊዜ አገላብጠው አዩት። ሽቦውን ነኩት፣ አንቴናውን ነቅነቅ አደረጉት።

«ጥሩ ዕቃ ነው» አሉ በመጨረሻ። «ፓል አለው?»